የክብሪት ሽታ በከሚሴ ጎዳና

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ለሚጓዝ ሰው ከሚሴ አብዛኛውን ጊዜ የምትታየው በመኪና መስኮት ነው። በጠዋት ከወጡ ቁርስ ደብረ ብርሃን፣ ቆሎ ደብረ ሲና፣ የመጀመሪያው ሙቀት ሸዋ ሮቢት፣ ምሳ ደግሞ ከሚሴ ይሆናል። 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምሳ ይበላል፣ እጅ ይታጠባል፣ ልጆች ሽንት ቤት ደርሰው ይመለሳሉ፣ ጉዞ ይቀጥላል። እኔ በዚህ ወር የምጋብዝዎ እዚያው ወርደው አንድ ሁለት ቀን እንዲቆዩ ነው። የምጋብዝዎ ደግሞ ለጉብኝት ብቻ አይደለም። የምንተነፍሰው አየር ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ለልጅ በዓይን ለማሳየት እንደ ከሚሴና አካባቢዋ የተመቸ ቦታ አላየሁም።

ከመነሳትዎ በፊት አንድ ነገር ልበል። የዚህ መንገድ ሰላም ባለፉት ዓመታት አንዴ ሲደፈርስ አንዴ ሲሻል ኖሯል፤ በመንገዱ ዳር ያሉ ከተሞችም ብዙ ከፍለዋል። በጉዞው ዋዜማ በመስመሩ ለሚመላለስ ሾፌር ወይም እዚያ ለሚኖር ዘመድ ደውለው ይጠይቁ። በቀን ይጓዙ። "ክፍት ነው" ከተባሉ ይሂዱ፤ "ትንሽ ቆዩ" ከተባሉ ደግሞ ይቆዩ።

ጣርማ በር ላይ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነዎት። ጣሊያን በሠራው ዋሻ አልፈው በማዶ በኩል ብቅ ሲሉ ምድሩ ከፊትዎ ይጠፋል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ታች፣ ወደ ሙቀቱ ይወርዳል። ከሚሴ ሲደርሱ ከፍታው ወደ 1,400 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሏል። ሹራብ ለብሰው የተነሱት ልጆች በካናቴራ ቀርተዋል። ይህ ቁልቁለት የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ግድግዳ መሆኑን ይንገሯቸው። ምድሩ ዛሬም አርፎ የተቀመጠ አይደለም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በዚሁ መስመር የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሶ ካራቆሬንም ክፉኛ ጎድቶ ነበር። ከሚሴ ያለችበት የቦርከና ሸለቆ ራሱ መሬቱ ተሰንጥቆ መሀሉ ሲሰምጥ የተፈጠረ ገንዳ ነው። በምዕራብ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በምሥራቅ ዝቅ ያሉ ኮረብቶች ይታያሉ፤ ከኮረብቶቹ ማዶ አፋር ነው። "ገንዳ" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ዞኑ ደዋ ጨፋን፣ አርጡማ ፉርሲን፣ ጅሌ ጥሙጋን፣ ደዌ ሐረዋንና ባቲን ያቀፈ ነው። ኦሮምኛውና አማርኛው በአንድ ንግግር ውስጥ ሲቀላቀሉ ይሰማሉ፤ ባለሱቁ ዋጋውን በአንዱ ነግሮዎት ምርቃቱን በሌላው ይጨምርልዎታል። የአዛን ድምፅ፣ የማሽላ ገለባ የጫነ አህያ፣ የግመል ወተት በቢጫ ጀሪካን፣ ከሰል ላይ የተጣደ ጀበና። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ የደረስኩበትን ከተማ ሁሉ "ይህ ቢሸጥ በምን ይሸጣል?" እያልኩ ማየት ልማዴ ነው። ከሚሴን በእንግዳ አቀባበሏ እሸጣት ነበር። ከተቀመጡበት ወንበር ተነስተው ለእርስዎ የሚለቁ ሰዎች ከተማ ናት።

የምትሸጠው ግን አየሯ አይደለም።

ከተማዋ በአንድ አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተዘረጋች ናት፤ ያ ጎዳና ደግሞ የአዲስ አበባ፣ የደሴና የመቀሌ ዋና መንገድ ነው። የጭነት መኪናው፣ ተሳቢው፣ ነዳጅ የጫነው ቦቴ፣ ሲኖትራኩ፣ የሕዝብ ማመላለሻው ሁሉ በመሀሏ ያልፋል። ብዙዎቹም ያድራሉ ወይም ለምሳ ይቆማሉ፤ ሲቆሙም ሞተራቸውን ሳያጠፉ ነው። አስፋልቱ ዳር ቡና የምታፈላ አንዲት እናት ዘንድ ተቀምጬ የሚያልፉትን ከባድ መኪኖች መቁጠር ጀመርኩና ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ ተውኩት። አንዱ ተሳቢ ከቆመበት ሲነሳ ያወጣው ጥቁር ጭስ ረከቦቱ ላይ ወረደ። እሷ ያለማሰብ በእጇ ስኒዎቹን ከለለች። ከኋላዋ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጇ ተቀምጧል። ትንፋሹ ከእኔ ወንበር ይሰማል፤ ቀጭን ፉጨት የቀላቀለ ትንፋሽ።

"ማታ ማታ እናቴ ዘንድ እወስደዋለሁ፣ እህቴ" አለችኝ፤ በእጇ ወደ ጨፋ በኩል እያመለከተች። "ከመንገዱ ሲርቅ ይተኛል። እዚህ ካደረ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ነው የሚያነጋው።"

"ሐኪም ምን አለ?"

"አስም ነው አለ። የሚነፋ መድኃኒት ሰጥቶናል። ከጭስ አርቂው አለኝ።" ጎዳናውን አየችና ፈገግ አለች። "እኔ የምሠራው እዚህ ነው።"

አሁን ልጆችዎን ሰብስበው አንድ የክብሪት እንጨት ይጫሩ። እሳቱ እንደተያያዘ አፍንጫ የሚቆነጥጠው ሽታ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሽታ ነው። ሰልፈር ማለት በአማርኛ ድኝ የምንለው ቢጫ ማዕድን ነው፤ ባሩድ የሚሠራበት፣ በየገበያው ለእከክ መድኃኒት የሚሸጠው። ድኝ ያለበት ማንኛውም ነገር ሲቃጠል ይህ ጋዝ ይወጣል። የድንጋይ ከሰል ድኝ አለው። ናፍጣ አለው። ላምባ አለው። የመኪና ጎማ የሚጠነክረው በድኝ ስለሆነ ጎማ ሲቃጠልም ያው ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በ1911 ዓ.ም. ሕዝቡን የጨረሰውን የኅዳር በሽታ ለማስታወስ አዲስ አበባ ሰፈሯን ስታጥን፣ ከደረቅ ቅጠልና ከቆሻሻ ጋር አሮጌ ጎማ የሚጨምሩ ጎረቤቶች አሉዎት? እንግዲያው ምን እያጠኑልዎ እንደሆነ አሁን ያውቃሉ።

ይህ ጋዝ ወደ ሰማይ ከወጣ ከእርጥበት ጋር ተዋሕዶ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለወጣል፤ ከዝናብ ጋር ሲወርድ የአሲድ ዝናብ ይባላል። ነገሩ በመጽሐፍ ላይ ሲነበብ የፊልም ይመስላል፤ አውሮፓውያን ግን በገዛ ሀገራቸው ኖረውበታል። የእንግሊዝና የጀርመን የድንጋይ ከሰል ጭስ ባሕር ተሻግሮ የስዊድንና የኖርዌይ ሐይቆችን ዓሣ አልባ አድርጓል። በጀርመን፣ በፖላንድና በቼክ ድንበር ላይ የነበረው ደን ቆሞ ደርቋል። ከዝናቡም በፊት ለንደን ነበረች፤ በታኅሣሥ 1952 እ.ኤ.አ. ነፋስ ጠፍቶ የምድጃና የፋብሪካ ጭስ ከተማዋ ላይ ለአምስት ቀን ተኝቶ በመጀመሪያው ግምት ብቻ ወደ 4,000 ሰው ገድሏል። ከዚያ በኋላ ሕግ ወጣ፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ድንበር ስለሚሻገር የአየር ብክለት ጄኔቫ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ ጭስ ማውጫዎች ማጣሪያ ተገጠመላቸው፤ ከነዳጁም ድኙ ወጣ። ዛሬ አውሮፓ ወደ አየር የምትለቀው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በ1990 እ.ኤ.አ. ከነበረው ከአምስት እጅ አራቱ በላይ ቀንሷል። ስለ አካባቢ ብክለት ስናወራ ሁልጊዜ የሚከፋ ነገር ብቻ ስለምንሰማ ይህንን ለልጆች መንገር ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ከሚሴ ላይ የአሲድ ዝናብ ይዘንባል ወይ? እንደ አውሮፓው ዓይነት አይመስለኝም፤ ለምን እንደማይመስለኝም ልንገርዎ። የእኛ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ነው፤ የድንጋይ ከሰል የሚያነዱ ግዙፍ የኃይል ማመንጫዎች የሉንም። በዚያ ላይ ከቆላ የሚነሳው አቧራ ኖራነት ካለው አሲድ የማርገብ ጠባይ አለው፤ ጨጓራ ሲያቃጥል የሚወሰደው ኪኒን እንደሚሠራው ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ሸለቆ የድኙን ጉዳይ ከሰማይ አልፈልገውም። እዚሁ መሬት ላይ፣ በአምስት ዓመት ልጅ አፍንጫ ቁመት ላይ ነው ያለው።

ሒሳቡን ቀለል አድርጌ ላስቀምጠው። በአንድ ኪሎ ናፍጣ ውስጥ ግማሽ ግራም ድኝ ቢኖር፣ ሲቃጠል አንድ ግራም ገደማ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ድኙ ከአየሩ ኦክስጅን ሲጨምር ክብደቱ እጥፍ ይሆናልና። በአውሮፓ ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአንድ ኪሎ ናፍጣ ውስጥ የሚፈቀደው ድኝ የአንድ ግራም መቶኛ ብቻ ነው፤ ካልኩት ምሳሌ በ50 እጥፍ ያነሰ። ድኝ የበዛበት ናፍጣ ሌላም ጣጣ አለው፤ በዘመናዊ መኪኖች ጭስ ማውጫ ላይ የሚገጠመውን ማጣሪያ ያበላሻል። ማጣሪያው ከተበላሸ ጥቀርሻውም እንዳለ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ውስጥ የ24 ሰዓት አማካይ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከ40 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። አስም ላለበት ሰው ግን የቀኑን አማካይ መጠበቅ አያስፈልግም። ጋዙ የአየር ቧንቧን በደቂቃዎች ውስጥ ያጠባል፤ ሰውየው እየሮጠ ወይም በአፉ እየተነፈሰ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ልጆች ደግሞ ይሮጣሉ።

አሁን ገንዳዋን ያምጡልኝ። በበጋ ወራት ከሚሴ ላይ ካደሩ ማልደው ይነሱና ወደ ምዕራብ በኩል ካሉት ከፍታዎች በአንዱ ላይ ቆመው ከተማዋን ይመልከቱ። ሌሊቱን ከደጋው የወረደው ቀዝቃዛ አየር ሸለቆው ሥር ይተኛል፤ ሞቃቱ ከላይ እንደ ክዳን ይሆንበታል። የማገዶው ጭስ፣ የመኪናው ጭስ፣ አቧራው ሁሉ ክዳኑ ሥር ተጋድሞ ሰማያዊ ነጠላ ይመስላል። ያምራል፤ ፎቶ ያነሳሉ፣ እኔም አንስቻለሁ። ፀሐይ ጠንከር ስትል ክዳኑ ይከፈትና ነጠላው ይበተናል። ችግሩ ከባድ መኪኖቹ ሞተር አስነስተው የሚያሞቁት፣ ተማሪዎቹም ደብተራቸውን ይዘው በመንገዱ ዳር የሚሄዱት ክዳኑ ገና ሳይከፈት መሆኑ ነው።

ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ሲሉ ደግሞ ጨፋ ይጠብቅዎታል። በኦሮምኛ ጨፌ ማለት ውሃ የማይለየው ለምለም መስክ ማለት ነው። እውነትም ነው፤ ሌላው ምድር ቢጫ ሲሆን ጨፋ አረንጓዴ ነው። ቦርከና ወንዝ ሸለቆውን እያጠጣ ረግረግ ይሠራል፤ በበጋ ሣር ፍለጋ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባው ከብቱንና ግመሉን ይዞ ይሰበሰብበታል። ወፍ ለሚወዱ ልጆች ይህ ቦታ ከማንኛውም መናፈሻ ይበልጣል። ረጅም እጅጌና ቆብ ይልበሱ፤ በረግረጉ ዳር ሲሄዱ የመንደር ልጅ ይምራዎ፤ ሰውና ከብቱን ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሱ።

ቦርከና ግን ከሰሜን፣ ከኮምቦልቻ ነው የሚመጣው። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራ፣ የቆዳና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ያሏት፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት ከተማ ናት። በከተማዋ ጅረቶች ላይ ጥናት ያደረጉ ተመራማሪዎች ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚመጡ ከባድ ብረቶችን፣ ክሮሚየምን ጨምሮ፣ ለክተዋል፤ ጅረቶቹ የሚገቡት ቦርከና ነው። ድኝ እዚህም አለ። ቆዳ ላይ ያለው ፀጉር የሚነቀለው በኖራና ሰልፋይድ በሚባል የድኝ ውህድ ነው፤ ይህ ፍሳሽ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ሌላ ጋዝ ይወጣዋል። ሰው "ፋብሪካው ሸተተ" ሲል ብዙ ጊዜ የሚሸተው ይህኛው ነው። አካባቢን ከብክለት ስለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 300 የ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከሃያ ዓመት አልፎታል። ከታች ያለው መንደር ከላይ ያለውን ፋብሪካ የሚጠይቅበት መንገድ ምን ያህል እንደተጠረገ የጨፋን ሰዎች መስማት ይበቃል።

ወሎ ድረስ ከመጡ ሰኞን ለባቲ ያስቀምጡ። ከከሚሴ ወደ ኮምቦልቻ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዱና ወደ ምሥራቅ ታጥፈው ሌላ 40 ያህል ይጨምራሉ። የትዝታ፣ የአንቺ ሆዬና የአምባሰል እህት የሆነው የባቲ ቅኝት ስሙን የሚጋራት ከተማ ይህች ናት። ሰኞ ገበያዋ ላይ ደገኛው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ይገናኛሉ፤ ግመል፣ ፍየል፣ ቅቤ፣ እህል፣ ጨው። ከገበያው ቀና ሲሉ መንገዱ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከወደብ የሚመጡት የጭነት መኪኖችም በዚሁ በኩል እያቃሰቱ ይወጣሉ። ከዚያ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ማንም ፋብሪካ የማይወዳደረው የድኝ ምንጭ አለ።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ በአፋር ክልል ከኤርታሌ በስተ ደቡብ የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ላለፉት 12,000 ዓመታት ገደማ ፈንድቶ እንደነበር የሚያሳይ መዝገብ ያልነበረው ተራራ ነው። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጣ፤ ቀይ ባሕርን አቋርጦ የመንንና ኦማንን አለፈ፤ በማግስቱ ፓኪስታንና ሰሜን ሕንድ ደረሰ፤ የሕንድ አየር መንገዶችም በረራ ሰረዙ። አዲስ አበባ በኅዳር 12 ሰፈሯን ባጠነች በሁለተኛው ቀን ተራራው እስያን አጠናት ማለት ነው። ወሬው ሁሉ ስለ ዴልሂ ሰማይ ሆነ። አፍዴራ አካባቢ ያለው አርብቶ አደር ግን ሣሩ በአመድ ተሸፍኖበት ነበር።

ነፋስ ወዴት እንደሚወስደው የሚወስነው ወቅቱ ነው። በሰኔ 2003 ዓ.ም. በድንበር አካባቢ ያለው የኤርትራው ናብሮ ሲፈነዳ አመዱ የሄደው ወደ ሱዳን ነበር። በዚያ ሳምንት አዲስ አበባ የነበሩት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተን በአመዱ ምክንያት ጉብኝታቸውን አሳጥረው ተመልሰዋል። ናብሮ ወደ ላይኛው ከባቢ አየር ያስገባው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ በ1991 እ.ኤ.አ. ከፈነዳ ወዲህ ከታዩት ትልልቆቹ አንዱ ነው። ኅዳር ላይ ወደ ሕንድ፣ ሰኔ ላይ ወደ ሱዳን። ሁለቱም ጊዜ የወሎ ጫፍ ተረፈ፤ ተረፈ የምለው ግን በሰማይ በኩል ብቻ ነው።

ይህን ሐሳብ የሰጡኝ ጨፋ ዳር ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። በትራቸውን አገጫቸው ሥር አቁመው ከብቶቻቸውን ይመለከታሉ። ስለ እሳተ ገሞራው ሰምተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ሰምተናል፣ ልጄ። በስልክ አየነው።"

"እዚህ የደረሰ ነገር አለ፣ አባባ?"

"ጭሱ አልደረሰም። ጭስ ነፋስ ይወስደዋል።" ዝም አሉና በበትራቸው ወደ ምሥራቅ አመለከቱ። "ሣር ከጠፋ ግን ከብት እግር አለው።"

አፍዴራ ሩቅ ነው፤ ከከሚሴ በአየር ላይ እንኳ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ። ጨፋ የሚመጡት አፋሮችም የአፍዴራ ሰዎች ሳይሆኑ ከቅርቡ ቆላ፣ ከዳዌና ከተላላክ አቅጣጫ የሚወጡ ናቸው። ሽማግሌው ያሉት ነገር ግን የሚሠራ ነው። የአመድ መውደቅ ልክ እንደ ድርቅ ግጦሽ ያጠፋል፤ ግጦሽ ሲጠፋ መንጋ ይንቀሳቀሳል፤ መንጋው ሲደርስ የሚጠብቀው ጨፋ ደግሞ በየዓመቱ በእርሻ እየተቆረሰ ያለ ጨፋ ነው። በሣር ምክንያት ሰውና ሰው ሲጋጭ በሸለቆው ያልታየ ነገር አይደለም። እሳተ ገሞራም ሁልጊዜ ሩቅ አይሆንም። በ2017 ዓ.ም. መስከረምና ታኅሣሥ መካከል የአዋሽ ፈንታሌና የዱለቻ ምድር ሲንቀጠቀጥ፣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ሲሰማን፣ በታኅሣሥ መጨረሻም ዶፈን ተራራ አጠገብ እንፋሎት ከመሬት ሲተፋ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወጥተዋል። ዶፈን ከከሚሴ ያለው ርቀት ከሃይሊ ጉቢ ርቀት ግማሽ ያህል ነው።

አመድ ቢወድቅ ምን ይደረጋል? አይስላንዳውያን መልሱን በውድ ዋጋ ተምረዋል። በ1783 እ.ኤ.አ. ላኪ የሚባለው ስንጥቅ ስምንት ወር ጋዝና ላቫ ሲተፋ፣ አመዱ ላይ ያረፈው ፍሎራይድ በጎቻቸውን በሣሩ በኩል ፈጀ፤ ከሰዉም አምስት እጅ አንዱ ያህል በተከተለው ረሃብ አለቀ። ፍሎራይድ ለእኛ አዲስ ስም አይደለም፤ የስምጥ ሸለቆን ሰው ጥርስ ቡናማ የሚያደርገው እሱ ነው። ስለዚህ ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በርሜል የሚሞላ ቤተሰብ አመድ ከታየ አሸንዳውን ነቅሎ የመጀመሪያውን ዝናብ መሬት ላይ ማፍሰስ፣ በርሜሉን መክደን፣ ከብቱን አመድ ካረፈበት ሣር ማገድ አለበት። ለአመዱ ኤን-95 የሚባለው ጭምብል ይረዳል። ጋዙን ግን ተራ ጭምብልም፣ እርጥብ ጨርቅም አያቆመውም፤ ለእሱ ያለው መፍትሔ ቤት ገብቶ በርና መስኮት መዝጋት ወይም መራቅ ነው።

የጎዳናውን ጭስ ማስቆም ይቻላል፤ ለዚህም ነው የበለጠ የሚያናድደኝ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመር በኤሌክትሪክ እንዲሄድ የተሠራ ነው። ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ ብዙ ከተጓዘ በኋላ ጦርነቱ ጉዳት አድርሶበታል። በመንገድዎ ላይ ድልድዩንና ዋሻውን አልፎ አልፎ ያዩታል፤ ልጆች "ባቡሩስ?" ይላሉ። እዚያ ላይ የሚጫን እያንዳንዱ ኮንቴነር በከሚሴ መሀል የማያልፍ ተሳቢ ነው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ሲያግድ ሁላችንም ስለ ቤት መኪናችን አወራን፤ ከሚሴ ላይ የሚያጨሰው ግን የቤት መኪና አይደለም። ትልቁ መኪና ስንዴያችንን፣ ሲሚንቶአችንን፣ በስልክ ያዘዝነውን ሶፋ ጭኖ ነው የሚያልፈው። ከከተማ ውጭ የጭነት መኪና ማቆሚያ፣ የከተማውን መሀል የሚዞር መንገድ፣ ቆሞ ሞተር ማጥፋት፣ ድኙ የወጣለት ናፍጣ መግዛት፤ አንዳቸውም አዲስ ግኝት አይደሉም።

ለጉዞዎ የሚሆኑ ነገሮችን ልጨምርና ልጨርስ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከሙቀቱ አንጻር ይሻላል። ከተሳቢ ኋላ ሲሆኑ መስኮት ይዝጉና የውጭ አየር የሚያስገባውን የመኪናዎን ቁልፍ ያጥፉ። ምሳ ሲበሉ አስፋልቱ ዳር ካለው በረንዳ ይልቅ ወደ ውስጥ፣ ወደ ግቢው የሚያስገባውን ቤት ይምረጡ፤ ምግቡ ያው ነው። አስም ያለበት ልጅ ካለ የሚነፋው መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጅዎ ላይ ይሁን። ማረፊያ ሲይዙ ከዋናው መንገድ ሁለት ሦስት ቤት ወደ ውስጥ የገባ ክፍል ይጠይቁ፤ እንቅልፍዎም ይሻላል። ሰንበቴ ላይ እሑድ ገበያ ስላለ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ወጥተው ከሚሴ ቢያድሩ፣ እሑድ ጠዋት ወደ ሰንበቴ ተመልሰው ገበያውን አይተው ከሰዓት በኋላ ጨፋን ይደርሳሉ፤ ሰኞ ደግሞ ባቲን።

ቡና የምታፈላውን እናት ከፈለጉ ከሰዓት በኋላ ይሂዱ። ጠዋት ጠዋት ልጇን ከእናቷ ቤት ለማምጣት ስለምትሄድ ጀበናዋን የምትጥደው አርፍዳ ነው።